«ምንም አይደለም» የተባለው እብጠት ቀጠሮ አለው

አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ገፈርሳ ትኖራለች እንበል። አንድ ጠዋት ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ውስጥ ባቄላ የምታክል ነገር በጣቷ ነካች። አታምም። ጫን ሲሏት ወዲያ ወዲህ ትንሸራተታለች። ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳትናገር ቆየች፤ ከዚያ ለጎረቤቷ ነገረቻት። ጎረቤቷ «ተይ አትነካኪው፣ ይሄ ነገር ሲነካኩት ነው የሚብሰው» አለች። እናቷ «ቡግንጅ ይሆናል፣ ራሱ ይጠፋል» አሉ። በሦስተኛው ሳምንት የቀን ደመወዟን ትታ ወደ ቡራዩ ሄደችና አንድ የግል ክሊኒክ ገብታ አልትራሳውንድ ተነሣች። ባለሙያው ውጤቱን አየና «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም፣ ካንሰር አይደለም» አላት። እልል ብላ ወጣች። በእጇ ባለው ወረቀት ግርጌ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንድ መስመር አለች፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ እንድትታይ የምታዝዝ። ያችን መስመር ያነበበላት ሰው የለም። ወረቀቱ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ከልደት ካርድና ከቤት ኪራይ ውል ጋር ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ወጣቷ ለምሳሌ የተፈጠረች ናት። ነገሩ ግን በየሰፈሩ ያለ ነው፤ ይህን የሚያነቡ ብዙ ሰዎች ስሟን ሊሰጧት ይችላሉ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተባለችው ነገር ውሸት አልነበረም። ጡት ላይ ከሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። በእሷ ዕድሜ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ነው፤ ከጡቱ እጢና እጢውን ከሚያቅፈው ሥጋ አብሮ የሚያድግ፣ ለስላሳ ዳር ያለው፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ከጣት ሥር የሚሾልክ እጢ። ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። አብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ግን ሊያድግ ይችላል፤ ሆርሞን ይሰማዋልና። ከ35 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ማለትም ሲስት፣ የተለመደ ነው። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡት ጓጉሎ የሚያምም፣ ከመጣ በኋላ የሚለሰልስ ሴትም ብዙ ናት። ይህ ሁሉ ሰው አይገድልም።

ችግሩ ያለው «ምንም አይደለም» በሚለው ቃል ላይ ነው። በሕክምና ቋንቋ እንዲህ የሚባል ውጤት የለም። ያለው «ካንሰር አይመስልም፤ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ቀን ተመልሰሽ ትታያለሽ፤ እንዲህና እንዲህ ካየሽ ግን ቀኑን አትጠብቂ» የሚል ነው። ከእነዚህ አራት ነገሮች እኛ አገር ታማሚዋ ጆሮ የሚደርሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስቱ በእንግሊዝኛ ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ፤ ያውም ተጽፈው ከሆነ።

የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች ያዩትን ከዜሮ እስከ ስድስት በሚሄድ ቁጥር ይመድባሉ፤ ባይራድስ ይሉታል። ቁጥር 2 የተባለ እብጠት በእርግጠኝነት ካንሰር ያልሆነ ነው። ቁጥር 3 ደግሞ «ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ በታች ነው» ማለት ነው። 2 በመቶ ትንሽ ናት። ለዚህ ነው ቁጥር 3 የተሰጣት ሴት ወዲያው ቢላዋ ሥር እንድትገባ የማይመከረው። ግን ዜሮ አይደለችም፤ ለዚህም ነው በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ደግማ እንድትታይ የሚታዘዘው። መቆያው ራሱ የምርመራው አካል ነው። ካንሰር ያልሆነ እጢ ባለበት ይቆያል ወይም በዝግታ ይሄዳል፤ አደገኛው ያድጋል፣ ቅርጹን ይለውጣል። ሁለቱን የሚለያቸው አንዱ ነገር ጊዜ ነው። ቀጠሮው ከቀረ ምርመራው ግማሽ ላይ ተቋረጠ ማለት ነው።

ዕድገቱም ቢሆን በጣት የሚለካ አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ እጢው በስፋቱ ከ20 በመቶ በላይ ካደገ ብዙ ሐኪሞች ናሙና ይወሰድ ወይም ይውጣ ይላሉ። 20 ሚሊ ሜትር የነበረ 25 ሆነ ማለት ነው። አምስት ሚሊ ሜትር የአንዲት አተር ያህል ነች። የማንም ሴት ጣት፣ የማንም ሐኪም ጣት ይህን ልዩነት በማስታወስ አይይዘውም። የመጀመሪያው ወረቀት ከሌለ ሁለተኛው አልትራሳውንድ ከምን ጋር ይነጻጸራል? አዲስ ክሊኒክ፣ አዲስ ባለሙያ፣ አዲስ «ምንም አይደለም»። በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀመር ክትትል ክትትል አይባልም። ስለዚህ ያ ፌስታል ውስጥ ያለው ወረቀት ከቤት ኪራይ ውሉ ያላነሰ ሰነድ ነው። ቢያንስ በስልክ ፎቶ ይነሣ። ከክሊኒኩ ሳይወጣም ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ስሙ ምንድን ነው፣ ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ መቼ ልመለስ። ሐኪም ፊት ጥያቄ ማብዛት ድፍረት የሚመስላቸው እናቶች አሉ፤ ለእነሱ አብራቸው የምትሄድ ልጅ ትጠይቅላቸው።

ታዲያ ቀጠሮን ማፍረስ የሚገባው መቼ ነው? እብጠቱ ጠንክሮ እንደ ድንጋይ ከሆነ፣ ከሥሩ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ዳርና ዳሩ ካልታወቀ። ከላይ ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተበሳሳ። ቀድሞ ወጥቶ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ። ሳይጨመቅ በራሱ፣ በተለይ ከአንድ ጡት ብቻ፣ ደም ወይም ጥርት ያለ ፈሳሽ ከወጣ። የጡቱ ጫፍ ቆስሎ አልድን ካለ። ብብት ሥር ሌላ እብጠት ከተሰማ። ያረጠች ሴት ላይ የወጣ ማንኛውም አዲስ እብጠት ደግሞ ሌላ ምልክት አይጠበቅለትም። እናቷ ወይም እህቷ በጡት ካንሰር የታመመችባት ሴትም እንደዚያው። ወጣት ሆና፣ እብጠቱ ከወር አበባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከመሰላት፣ አንድ ወር አበባ እስኪያልፍ መጠበቅ ትችላለች፤ ካለፈ በኋላም ካለ ግን ሄዳ ትታይ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «ካመመኝ» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ ይሏል። ሰዎቻችንን ካታለሉ ነገሮች ትልቁ ይህ ነው። ሕመም እኛ ዘንድ የሐኪም ቤት ደወል ነው፤ ካልደወለ አይኬድም። የጡት ካንሰር ግን መጀመሪያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚያምመው ብዙ ጊዜ ሌላው ነው፤ ወተት የቋጠረው፣ የመገለው፣ የወር አበባው። «አያምመኝም እኮ» ብላ የቆየችና «ስላመመኝ ካንሰር ነው» ብላ እንቅልፍ ያጣች ሴት ሁለቱም በአንድ የተሳሳተ ሚዛን ተመዝነዋል።

ስለ ወተት ከተነሣ፣ የሚያጠቡ እናቶች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል። የኢትዮጵያ እናት ዓመት ሁለት ዓመት ታጠባለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጡቷ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ «ወተት ቋጥሮ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜም ነው። ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ካመጣ የጡት ኢንፌክሽን ነው፤ በመድኃኒትና ማጥባትን ባለማቋረጥ ይድናል። ነገር ግን አንድ ዙር መድኃኒት ተወስዶ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት አልፎ ቅላቱና እብጠቱ ያው ከሆነ ሌላ ፀረ ተሕዋስ መጨመር መፍትሔ አይደለም። ኢንፌክሽን መስሎ የሚመጣ የጡት ካንሰር አለ፤ እንደ መግል የሚያብጥ የጡት ቲቢም አለ። አልትራሳውንድ ለምታጠባም ለነፍሰ ጡርም ጉዳት የለውም። «ልጁ ጡት ይጣልና ያኔ እንታያለን» ማለት ሕይወት ያስከፍላል።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። ጎረቤት «አትነካኪው» ያለችው ነገር ሥሩ ጥልቅ ነው። ስለት ከነካው ይዛመታል የሚለው እምነት በከተማም በገጠርም አለ፤ የተማረውም ይለዋል። እምነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። አንዲት ሴት ቆይታ ቆይታ፣ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ትሄዳለች፤ ናሙና ይወሰዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ትሞታለች። ሰፈሩ ያየው መርፌውንና ሞቱን ነው፤ ከመርፌው በፊት ያለፉትን ሁለት ዓመታት አላየም። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰር ያልሆነውን ካንሰር አያደርገውም። ይልቁን ጥርጣሬን የሚዘጋው እሱ ነው። የሐኪም እጅ፣ የአልትራሳውንድ ወይም የማሞግራም ምስል፣ የመርፌ ናሙና፤ ሦስቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ሰው ተማምኖ ይተኛል። ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ከተጣላ የተጣላው እስኪታረቅ መመርመር ነው። ሐኪሙ በእጁ ሲነካው ጠንካራ ሆኖ ናሙናው «ንጹሕ» ካለ፣ መርፌው ቦታውን ስቶ ሊሆን ስለሚችል ይደገማል።

ሌላው ጫፍም አለ፤ ስለ እሱ ሲወራ አይሰማም። እብጠት ባየ ቁጥር «እናውጣው» የሚል ቤት ሞልቷል። የ19 ዓመት ልጅ ጡት ላይ ያለ፣ በምስልም በናሙናም ፋይብሮአዴኖማ መሆኑ የተረጋገጠ፣ የማያድግ ትንሽ እጢ ለምን ይቆረጣል? ጠባሳ አለው፣ ወጪ አለው፣ ሌላው ደግሞ ነገ በሌላ ጎን ሊወጣ ይችላል። ትልቅ ከሆነ፣ ካደገ፣ ወይም ልጅቷ በጭንቀት መኖር ካቃታት ማውጣት ትክክል ነው። ፍርሃትን ለገበያ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው። «ሂጂ ምንም አይደለም» የሚለውም «ዛሬውኑ ይቆረጥ» የሚለውም አንድ የሚያመልጡት ሥራ አለ፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳትና ቀን ቆርጦ መጠበቅ።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ የካንሰር ምዝገባ ከተጀመረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሴቶች ላይ ከተመዘገቡት ካንሰሮች ሲሶ ያህሉ የጡት ካንሰር ነው። በጥቁር አንበሳ የታዩት ታማሚዎች መካከለኛ ዕድሜ በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ወደ 60 ይጠጋል። አንዱ ምክንያት አገሩ ራሱ ወጣት መሆኑ ነው። ለአንዲት የ38 ዓመት እናት ግን ምክንያቱ አይደለም ቁም ነገሩ፤ «ወጣት ነሽ፣ አንቺን አይነካሽም» ተብላ ከተመለሰች ያሳሳታት ይህ ቃል ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጡት ካንሰር ምርመራ በኋላ አምስት ዓመት የሚኖሩ ሴቶች በበለጸጉት አገሮች ከ90 በመቶ በላይ ሲሆኑ፣ ሕንድ ውስጥ 66፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 40 በመቶ ናቸው። ስሙ አንድ የሆነ በሽታ ይህን ያህል የተለያየ ፍጻሜ የሚኖረው አንዱ ቶሎ አንዱ ዘግይቶ ስለሚያዝ፣ ከተያዘም በኋላ አንዱ ሕክምናውን ስለሚጨርስና ሌላው ስለሚያቋርጥ ነው።

በየዓመቱ በጥቅምት ገደማ ሮዝ ሪባን ይለጠፋል፣ የእግር ጉዞ ይደረጋል፣ «እህቴ ሆይ ጡትሽን በየወሩ መርምሪ» ይባላል። ክፋት የለውም። ብቻውን ግን የሚያድን ነገር አይደለም፤ ይህም በተግባር ተፈትኗል። ሻንጋይ ውስጥ ወደ 266 ሺህ የሚጠጉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ጡታቸውን ራሳቸው እንዲመረምሩ በደንብ ሠለጠኑ። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በሁለቱ ወገን የሞቱት ሴቶች ቁጥር እኩል ነበር ማለት ይቻላል። የሠለጠኑት ይበልጥ ያገኙት ካንሰር ያልሆኑ እብጠቶችን ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሙምባይ ጥናት ወጣ። እዚያ 150 ሺህ ያህል ሴቶች በሁለት ቡድን ተከፍለው ሃያ ዓመት ክትትል ተደረገባቸው፤ አንደኛውን ቡድን ሐኪም ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡታቸውን በእጅ መረመሩ። ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ በሆነው ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ግን የሞት ቅናሽ አልታየም፤ ይህም መደበቅ የለበትም። ሁለቱ ጥናቶች አብረው ሲነበቡ የሚታየው ሴቲቱን ብቻዋን ከመስታወት ፊት አቁሞ «ተጠንቀቂ» ማለት እንደማይበቃ ነው። የሠለጠነ እጅ፣ ከእጁ በኋላ ደግሞ የሚወስዳት መንገድ ያስፈልጋታል።

ኢትዮጵያ የሠለጠነ እጅ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች የሏትም ማለት አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ ደጃፍ ሲገቡ ኖረዋል፤ ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔን እነሱ ናቸው ቤት ለቤት ያደረሱት። የጎደለው መንገዱ ነው። የገፈርሳን ነገር ይመልከቱ። ገፈርሳ ለአስርት ዓመታት አዲስ አበባን ውሃ ያጠጣ ግድብ ያለበት ቦታ ነው። ውሃው ወደ ከተማዋ ለመግባት ሪፈር አይጠየቅም። የገፈርሳ ሴት ግን ጳውሎስ ለመድረስ በጤና ጣቢያው በኩል ማለፍ፣ ሪፈር ማጻፍ፣ የጤና መድህን ደብተሯ መታደሱን ማረጋገጥ አለባት። ሰንሰለቱን ዘልላ ከሄደች ከኪሷ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩና ገፈርሳ፣ ሰበታና ሱሉልታ በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ገቡ፤ መዋቅሩ ተለወጠ፣ ማኅተሙ ተለወጠ። የመርፌ ናሙና የሚያነብ ባለሙያ ግን አሁንም በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሥራው ነገር አለ። በሆለታና በሰበታ የአበባ እርሻዎች፣ በሰበታ ፋብሪካዎች የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ፋይብሮአዴኖማ የሚበዛበት ዕድሜ ነው። አንድ ቀን መቅረት የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። አንድ ቀን ለጤና ጣቢያ፣ አንድ ቀን ለአልትራሳውንድ፣ አንድ ቀን ለናሙና፣ አንድ ቀን ውጤት ለመቀበል ከሆነ አራት ቀን ሆነ፤ የታክሲው ለብቻው። በስድስት ወሩ «ምንም አይደለም» ለተባለ ነገር ይህን ደግሞ እንድትከፍል ሲጠበቅባት መቅረቷን ቸልተኝነት ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግብ አንዲት ሴት መጀመሪያ ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን እስከ ምርመራዋ ማለቂያ ከ60 ቀን መብለጥ የለበትም ይላል። ይህ ሰዓት የሚቆጠረው በተቋሙ ላይ ነው፤ በሴቲቱ ላይ አይደለም።

ጤና ጣቢያዎቻችን ሰው ተከታትሎ መፈለግ አይችሉም እንዳይባል ደግሞ ማስረጃው እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ይፈለጋል። ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ ስልኩ አለ፤ ካልተነሣ ቤቱ ድረስ ይኬዳል። የኤችአይቪ መድኃኒት ክትትልም እንዲሁ ነው። የሕፃን ክትባት ካርድ ቀጣዩን ቀን በግልጽ ይዟል፤ ፊደል የማትለይ እናት እንኳን ቀኑን ትጠይቃለች፣ ታስታውሳለችም። ይህ ሁሉ የተሠራው በደብተርና በስክሪብቶ ነው። ለጡት እብጠት ተመሳሳይ አንድ መዝገብ መክፈት ምን ያህል ይከብዳል? ስም፣ ስልክ፣ የትኛው ጡት፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ የመመለሻ ቀን። የቀጠሮዋን ቀን የሚያሳይ ትንሽ ካርድ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ በጀርባው የአደጋ ምልክቶቹ። ቀኑ ሲያልፍ አንድ ስልክ።

እስከዚያው ያቺ ፌስታል ውስጥ ያለችው ወረቀት ትውጣ። ወጣቷ የታየችው ሚያዝያ ላይ ከሆነ ቀጠሮዋ ጥቅምት ነው። ማንም አይደውልላትም። ለእናቷ አሁን ትንገራቸው፤ ስትሄድም የድሮውን ወረቀት ይዛ ትሂድ።